አባቴ ለምረቃው ያመጡት አምባር

አባቴ ስቶክሆልም የመጡት የልጄን የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ለማየት ነው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም ነበር። በዚያ ሳምንት መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣቸው ጓደኛዬ ነው። ሶለንቱና ውስጥ ባለች ትንሽ ጎማ ቤት አብረን እንሠራለን። አባቴ የኋላ ወንበር አልወድም ብለው ከፊት ገቡና መንገዱን ሙሉ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ መጡ።

«አገርህ ወዴት ነው ልጄ?» አሉት።

«ጅማ ነኝ አባባ።»

«ጅማ! የማር አገር» አሉ ደስ ብሏቸው። ቀጥለውም በወጣትነታቸው ጅማ ሄደው የበሉትን ማር ያወሩለት ጀመር።

እኔ ከኋላ ሻንጣውን አቅፌ አዳምጥ ነበር። ጓደኛዬ ጅማ ከተማ አደገ እንጂ የጅማ ሰው አይደለም። ወገኖቹ ከዚያ በጣም ርቆ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ካለ ቀርከሃ የሸፈነው ደጋ ናቸው። የሕዝቡን ስም እዚህ አልጽፈውም። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበትን ለመጻፍ ጓደኛዬን ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ አባቴ የሚጠሯቸውን ስም ደግሞ መድገም አልፈልግም። ነገሩን ጓደኛዬ የነገረኝ አንድ ክረምት የበረዶ ጎማ ስንደረድር ነው። «ሰው ሲጠይቀኝ ጅማ እላለሁ። ጅማ ካልኩ ሌላ ጥያቄ አይመጣም» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ የአገሩን ስም ነገረኝ።

ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ። አገሩን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ ሰምቼዋለሁ። የአባቴ አያት ከወታደር ጋር ወርደው «ያቀኑት» አገር ነው። ይህን ልነግረው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «አሃ» ብቻ አልኩና ቀጣዩን ጎማ አነሳሁ።

ያንን ታሪክ እወደው እንደነበር መካድ አልችልም። ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ እንጫወተው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ቅድመ አያቴን ነበርኩ፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች ጫካ ገብተው አንገብርም የሚሉትን ይሆኑ ነበር። እነሱ እንዳያሸንፉ ሕግ ነበረን።

ምረቃው በሰኔ መጀመሪያ ነበር። ልጆቹ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው እየጮኹ ከትምህርት ቤቱ በር ወጡ። በየቤተሰቡ የተመራቂው የሕፃንነት ፎቶግራፍ ትልቅ ሆኖ በእንጨት ላይ ተሰቅሏል። አባቴ የልጄን ፎቶ ለማንም አልሰጥም ብለው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ያን ቀን ሲያዩዋት እንባቸው መጣ። ይህን የምጽፈው አባቴ ክፉ ሰው እንዳይመስሉ ነው። ክፉ አይደሉም።

ግብዣው ብሬዴንግ፣ የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የተከራዮች አዳራሽ ነበር። ወንበርና ጠረጴዛውን ጠዋት ጓደኛዬ ነው የደረደረው። ግማሹ እንግዳ ሐበሻ፣ ግማሹ ስዊድን ነው፤ የልጄ ጓደኞች፣ ወላጆቻቸው፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን። ባለቤቴ ከዶሮ ወጡ ጎን ስዊድኖቹ የሚወዱትን በማዮኔዝ የተሸፈነ የዳቦ ኬክ አቅርባለች። ሁሉም ከበላ በኋላ አባቴ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተርጉምልኝ» አሉኝ።

አጠገባቸው ቆምኩ። ጓደኛዬ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቡና ይጠጣ ነበር።

«ልጄ» አሉ ወደ ልጄ ዞረው፤ «ከማን ወገን እንደሆንሽ ይህ ሁሉ ሰው ይወቅልሽ። አያቴ በመንግሥት ታዘው ደቡብ የወረዱ፣ አገር ያቀኑ ሰው ናቸው።»

የሚመጣውን አወቅሁ። በዚያች ሰከንድ «አባባ፣ ኬኩ ይቆረጥ» ብዬ ላቋርጣቸው እችል ነበር። ወይም ጆሯቸው ላይ አንድ ቃል። አላደረግሁትም። በስዊድንኛ፣ «የአባቴ አያት ወደ ደቡብ ሄደው ይኖሩ ነበር» አልኩ።

«የዚያ አገር ሰዎች ግን» ቀጠሉ፣ ያንን ስም ጠርተው፣ «አንገብርም አሉ! ቀርከሃ ጫካ ገቡ። ጠመንጃ የላቸው፤ በጦር፣ በቀስት። ሴቶቹ ሳይቀሩ ከገደል ድንጋይ ያንከባልሉ ነበር። ስንት ዓመት አስቸገሩ መሰለሽ! በመጨረሻ አያቴ መላ መቱ። እንሰታቸውን እያስቆረጡ፣ ጎተራቸውን እያቃጠሉ በረሃብ አወጧቸው።»

«በአካባቢው አንዳንድ ችግሮች ነበሩ» አልኩ በስዊድንኛ፣ «በኋላ ግን ሰላም ሆነ።»

ስዊድኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤታችን ፈገግ ብላ ብርጭቆዋን ወደ አባቴ ከፍ አደረገች። ወደ በሩ ማየት አልፈለግሁም፤ ግን አየሁ። ጓደኛዬ ስኒውን እንደያዘ እኔን ነበር የሚያየው። አባቴን አይደለም።

«ፓፓ» አለች ልጄ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም ሰማ። «እንደዚያ አላሉም።»

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩ ነው የሚከብዳት። ይህን ረስቼው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዝም ትላለች ብዬ ነበር።

አባቴ ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈቱት። ወፍራም የናስ አምባር ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያውን በጥርስ የተነከሰ የሚመስል ጌጥ ያለው። አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ በዓመት አንድ ጊዜ እንድነካው ይፈቀድልኝ ነበር።

«ይህ የአለቃቸው ነበር። አያቴ ለእናቴ ሰጧት። ደርግ መሬታችንን ሲወስድ እናቴ ዱቄት ውስጥ ደብቃ ያተረፈችው ይህን ብቻ ነው። ዛሬ ያንቺ ነው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ልጄ ምን ታድርግ፣ እጇን አስገባች። ላላ ብሎ እስከ ክርኗ ወጣና እዚያ ቆመ።

ጓደኛዬ ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጣ። «አባባ፣ ላየው እችላለሁ?» አለ።

«እይ፣ እይ ልጄ!»

ልጄ አውልቃ ሰጠችው። ወደ መብራቱ አዙሮ ውስጡን አየ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ ከክርን በላይ ነው የሚደረገው» አለ በጣም በቀስታ። «ገና በልጅነት ነው የሚያጠልቁት። ክንድ ሲወፍር አይወጣም። ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል።»

«አያችሁ!» አሉ አባቴ፣ ዕውቀቱ አስደስቷቸው። «የጅማ ሰው ያውቃል!»

ልጄ አምባሩን አየች፣ ከዚያ ጓደኛዬን፣ ከዚያ አያቷን። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ታዲያ… እንዴት ወጣ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ማንም ጠይቋቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ስንት በዓል ያንን ናስ በእጄ ይዤ፣ ከሰውየው ክንድ ላይ እንዴት እንደወረደ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«ጦርነት ነበር ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ጎረቤታችን ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም ጥንታዊ ዕቃ ነው አሉ» አልኳት።

ጓደኛዬ አምባሩን ልጄ እጅ ላይ መልሶ ባዶ ሳህኖች መሰብሰብ ጀመረ። ባለቤቴ ተው ብትለውም ወደ ኩሽና ወሰዳቸውና አጠባቸው። ሲጨርስ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት አባባ» አለና ሄደ። እኔን አልተሰናበተኝም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ ነጭ ቆቧን እንደደፋች መጥታ ፊቴ ቆመች። «እሱ ከዚያ ነው፣ አይደል?» አለችኝ በስዊድንኛ።

«ከየት?»

«ፓፓ።»

«አዎ» አልኳት።

ባለፈው ክረምት በትምህርት ቤቷ ስለ ሳሚዎች፣ ስለ ሰሜን ስዊድን ነባር ሕዝብ፣ ይማሩ ነበር። ስዊድኖች ወደ ሰሜን ሄደው የአጋዘን ግጦሻቸውን እንዴት እንደወሰዱ፣ ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ እንዴት እንዳደረጉ፣ እነሱም እንዴት እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ድረስ እንደሚከራከሩ በእራት ሰዓት ትነግረኝ ነበር። እኔ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ስዊድኖቹን እሰድብ ነበር። አሁን ያንን አላነሳችውም፤ ማንሣት አላስፈለጋትም። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

«‘አቀኑ’ ማለት ማስተካከል ነው፤ የጠመመ ነገር ቀጥ ማድረግ። አይደል?»

«አዎ።»

«ምን ጠሞ ነበር?»

አምባሩን ከጠረጴዛው ላይ በመሐረቡ አንስታ ሰጠችኝ። «እኔ አላደርገውም» አለች።

አባቴ ከአዳራሹ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። «ምን ሆናለች? አልወደደችውም?» አሉኝ።

ያኔ ነገርኳቸው። ጓደኛዬ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የእሱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ። የጠበቅሁት ቁጣ ነበር፤ «ታዲያስ? አያቴን ላፍርባቸው?» ይላሉ ብዬ ነበር። አባቴ ግን እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ያ ከአውሮፕላን ያመጣኝ ልጅ?»

«አዎ አባባ።»

«ይህን ወንበር የደረደረው?»

«አዎ።»

«አንተ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«አውቀህ አፌን አላስዘጋኸኝም? በገዛ ማዕዴ፣ በፊቱ፣ ያን ሁሉ ስቀባጥር አጠገቤ ቆመህ? እኔ አላወቅሁም። አንተ ግን እያወቅህ አዋረድከኝ። እሱንም አዋረድከው።»

ሃምሳ ዓመቴ ነው። አባቴ ፊት እንደዚያ ቀን ራሴን ደፍቼ አላውቅም። የማፍረው በእሳቸው ነው ብዬ ሳስብ ነበር የዋልኩት።

ሰኞ ሥራ ስገባ ጓደኛዬ አንዲት ቮልቮ አንስቶ ጎማዋን ይፈታ ነበር። በምሳ ሰዓት እንደወትሮው ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን አልበላም፤ የራሱን ምግብ በላስቲክ ዕቃ ይዞ መጥቶ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ስለ አባቴ ይቅርታ» አልኩት።

«አባትህ ምን አደረጉኝ? የሚያውቁትን ተናገሩ።» ሹካውን አስቀመጠ። «አንተ ግን ዓይኔን እያየህ ነው የተረጎምከው። ስዊድንኛ እኮ እኔም እሰማለሁ። ‘አንዳንድ ችግሮች ነበሩ።’»

«ምን ልበል ጨነቀኝ።»

«እንሰት ከተቆረጠ እንደገና ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃለህ? አያቴ የከፋ ዓመት በመጣ ቁጥር ‘የቆረጡብን ጊዜ ይመስላል’ ትል ነበር። በእሷ ጊዜ አልሆነም፤ ከእናቷ የሰማችው ነው። እኔ የድሮ ተረት ይመስለኝ ነበር። ዓርብ ዕለት የቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ ሰማሁ።» ከዚያ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ። «ይሄ አንተ የምትጠራኝ ስም ራሱ አስተማሪ ያወጣልኝ ነው። ጅማ ትምህርት ቤት ስገባ የእኔ ለምላስ አይመችም ተባለ።»

«እውነተኛ ስምህ ማን ነው?» አልኩት።

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለና ክዳኑን ዘግቶ ተነሣ።

ለዓመታት ያደግሁበትን ሰፈር፣ የእናቴን ሞት፣ የትዳሬን ነገር ሁሉ ሲሰማኝ የኖረ ሰው ነው። እኔ ስሙን አላውቅም ነበር።

አባቴ ወደ አገራቸው ከመሄዳቸው በፊት ጓደኛህ ቤት ውሰደኝ አሉ። የሚኖረው ኡፕላንድስ ቬስቢ ነው። እሑድ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር ሄድን፤ ልጄም «እኔም እሄዳለሁ» ብላ ተከተለችን። ባቡሩ ውስጥ አባቴ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተጓዙ። ጓደኛዬ በሩን ሲከፍት ደንገጥ አለ፤ ቢሆንም «ይግቡ አባባ» አለና ባርኔጣቸውን ተቀበላቸው። ባለቤቱ ሻይ አመጣች።

አባቴ ሻዩን ሳይቀምሱ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱ። «ልጄ» አሉ፣ «አያቴ ያደረጉትን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር። ስናገረው ኖሬያለሁ። የማላውቀው የሚሰማ ሰው መኖሩን ነው።» ቆም አሉ። «በቤቴ እንግድነትህን አጎደልኩብህ። ይህ የናንተ ነው። ውሰደው።»

ጓደኛዬ አልነካውም። «አባባ፣ ተቀብያለሁ ልልዎት አልችልም። የማን እንደነበረ አላውቅም። የኔ ወገኖች ይሁን፣ ከተራራው ወዲያ ያሉት ይሁን። እኔ ወስጄ የት ላድርገው? ከቴሌቪዥኑ አጠገብ?»

ያኔ ልጄ በአማርኛ፣ «የሚያውቅ ሰው… አለ?» አለች። ጓደኛዬ አሰበና ስልኩን አነሣ።

የደወለው አገር ቤት ላሉ አክስቱ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ነጭ ፀጉራቸው፣ የቤታቸው የቀርከሃ ግድግዳ በስክሪኑ ላይ ታየ። በቋንቋቸው ረጅም አወሩ። አንድ ቃል አይገባኝም ነበር፤ የምሰማው የጓደኛዬን ሌላ ድምፅ ነው፣ በአማርኛ ሰምቼው የማላውቀውን፣ ፈጣንና ሙዚቃ ያለውን። አምባሩን ወደ ስልኩ አስጠጋ። አሮጊቷ ፊታቸውን አቀረቡ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«የወሰደው ሰው ልጆች አሉት ወይ ትላለች» አለ ጓደኛዬ።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ስልኩ እንዲያያቸው ቀረቡ። «እኔ የልጅ ልጁ ነኝ በላት።»

ሴትየዋ በጣም ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም። በመጨረሻ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ።

«ሸምግለዋል፣ አለች» አለ ጓደኛዬ። ከዚያ ደግሞ፣ «በሰው አይላክ፣ ራሳቸው ያምጡት ትላለች። ሽማግሌዎቹ ይዩትና የማን እንደሆነ ይነጋገሩበታል።»

«እመጣለሁ በላት» አሉ አባቴ ወዲያው። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቢሆንም እመጣለሁ።»

ጓደኛዬ ነገራቸው። አሮጊቷ ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው፣ ክፋት ያለው ይሁን የሌለው ያልለየሁት ሳቅ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‘መንገዱን ታውቁታላችሁ’ አለች።»

አባቴ አምባሩን በመሐረቡ ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ጓደኛዬ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘን፤ አባቴን ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቴ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ አልሄዱም። መጀመሪያ ዝናቡ ይለፍ ተባለ። ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ። ከዚያ ደግሞ የዚያ አካባቢ መንገድ ሰላም የለውም ተባለ፤ እውነትም የለውም። «አንተ መቼ ነው የምትመጣው? አብረን እንሄዳለን» ይሉኛል በስልክ። እኔ ስለ ዕረፍት ፈቃድ አወራላቸዋለሁ፣ ስለ ጎማ ወቅት አወራላቸዋለሁ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ እኔ እወስደዋለሁ ስትለኝ ገና ልጅ ነሽ እላታለሁ። ዕድሜዋ አይደለም የሚያስፈራኝ። እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ቁጭ ብዬ ምን እንደምተረጉም ነው።

ጓደኛዬና እኔ አሁንም አብረን እንሠራለን። እንቀልዳለንም። ስለ አምባሩ ጠይቆኝ አያውቅም፤ መጠየቅ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስሙን አንድ ቀን ራሱ ነገረኝ፣ መኪና ሥር ተኝቶ፣ ሳያየኝ። ስጠራው አፌ ላይ ተሳሳተ፤ አረመኝ፤ እንደገና ተሳሳትኩ።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። የልጅ ልጆቹ ተሰብስበው እንደ ልማዱ ያንን ታሪክ ንገሩን ብለዋቸው ነበር አለችኝ።

«አባባስ?» አልኳት።

«ረሳሁት አሏቸው። እንዴት ይረሳል? ዕድሜ ይሆን እንዴ?»

እንዳልረሱት አውቃለሁ። ልጆቹ አሁን ምንም አያውቁም፤ ስለ እኛም፣ ቀርከሃው ውስጥ ስለነበሩት ሰዎችም። ለእህቴ ይህን ልነግራት፣ ይንገሯቸው፣ ግን ሁሉንም፣ እንሰቱንም ክንዱንም ይንገሯቸው ልላት ይገባኝ ነበር።

«ደክሟቸው ይሆናል» አልኳት። «ሰላም በይልኝ።»